ከጾም ፍቺ ማግስት የውሻችን ሆድ ለምን ይታወካል?

ገርጂ በሚገኘው መኖሪያችን ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። ዘሩ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቀስ አይደለም፤ የአገር ውሻ ነው። ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም ሲሆን ዕድሜው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሆዱ ግን እንደ ቁመናው ጠንካራ አይደለም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ተቅማጥ ያዘው። በመጀመሪያው ዓመት «የጎዳው አጥንቱ ነው» አልን። በሁለተኛው ዓመት አጥንቱን ከልክለን ሥጋውን ብቻ ሰጠነው፤ አሁንም ታመመ።

በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ከበደ። በፋሲካ ዕለት ከበጉ ጮማ ደረሰው፤ ሰኞ ተቅማጥ ጀመረው። ማክሰኞ ጮማውን ትተን ዳቦ በወተት አቀረብንለት። አልተሻለውም። ሐሙስ ሩዝ በዶሮ ቀቀልንለት። ቅዳሜ ደግሞ «ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው» ብለን ቦሌ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ከውጭ የመጣ ደረቅ የውሻ ምግብ ገዛንለት። በአሥረኛው ቀን ሁለት ኪሎ ግራም ቀንሶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከተኛበት መነሣት አቃተው። ልጆቻችን ከአጠገቡ አንነሣም አሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ ፈሳሽ በደም ሥሩ እየሰጠው ሳለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «ከፋሲካ ዋዜማ እስከ ዛሬ ስንት ዓይነት ምግብ በላ?» ቆጠርን፤ በጾሙ ጊዜ ይበላው የነበረው የእንጀራ ፍርፍር፣ ጮማ፣ ዳቦ በወተት፣ ሩዝ በዶሮ፣ ደረቅ ምግብ፤ አምስት ሆነ። «እንግዲያው አንጀቱ አራት ጊዜ ሥራ ቀይሯል» አለን። በቤተ ሙከራ ተማሪዎቻችንን «በአንድ ጊዜ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ለውጡ» እያልን ለምናስተምር ሰዎች ይህ ቃል ከባድ ተግሣጽ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ጉዳይ አንድ ነው። ሆዱ በቀላሉ የሚታወክ እንስሳ ምግቡ ሲለወጥ የሚታመመው ብዙ ጊዜ አዲሱ ምግብ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ለውጡ ፈጣን ስለሆነ ነው። ይህንንም ከሥነ ሕይወት ዕውቀት ጋር ጥቂት ፊዚክስና ቀላል ሒሳብ አክለን እንመለከተዋለን።

የሰው አቆጣጠርና የእንስሳ ሆድ

በከተማችን አብዛኛው ውሻ የሚበላው ቤተሰቡ ከበላው የተረፈውን ነው። በመሆኑም የቤተሰቡ የጾምና የፍስክ አቆጣጠር የውሻውም አቆጣጠር ይሆናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሉት፤ በእነዚህ ቀናት በጿሚ ቤት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀርቡም። በቅበላ ሰሞን በሥጋ ይጠግብ የነበረ ውሻ በማግሥቱ ከእንጀራና ከድርቆሽ በቀር የሚያገኘው የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ሥጋው በአንድ ጊዜ ይመጣና ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም በዐረፋ በዓል ተመሳሳይ ድንገተኛ ለውጥ ይታያል። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉት መንደሮች ከውጭ በሚገባ ደረቅ ምግብ የሚያድጉ ውሾችም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም፤ የለመዱት ዓይነት ከሱቅ መደርደሪያ ሲጠፋ ባለቤታቸው ያገኘውን ሌላ ዓይነት ይገዛል።

የሰው ጾም የእንስሳትን ምግብ ምን ያህል እንደሚለውጥ በአገራችን በጥናት ታይቷል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የሚኖሩ ጅቦችን ኩስ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን የእንስሳት ፀጉር መርምረዋል። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 ከመቶ የነበረ ሲሆን በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 ከመቶ ከፍ ብሏል፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 ከመቶ ወርዷል። የዕርድ ተረፈ ምርት ሲቀንስ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረዋል ማለት ነው። ጅብ ወጥቶ ሌላ ሥጋ ይፈልጋል። በግቢ ውስጥ የታሰረ ውሻ ግን የቀረበለትን ከመብላት ሌላ ምርጫ የለውም።

አንጀት ምግቡን እስኪለምድ

ስለ ኢቫን ፓቭሎቭ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚፈስሰውን ውሻ ነው። ይሁን እንጂ ሳይንቲስቱ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው በምግብ መፈጨት ላይ ባካሄደው ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው የትምህርት መድብሉ፣ ዳቦና ወተት ይመገብ የነበረ ውሻ ወደ ሥጋ ሲዛወር የቆሽቱ ፈሳሽ ባሕርይ እንደሚለወጥ፣ ለውጡም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ እንደሚመጣ ገልጿል። ቆሽት ፕሮቲንን፣ ስብንና ስታርችን የሚፈጩ ልዩ ልዩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፤ የእያንዳንዱን መጠንም በተደጋጋሚ ከሚመጣለት ምግብ ጋር ያስማማል። ይህ መስማማት ጊዜ ይጠይቃል።

ጊዜ የሚጠይቀው ቆሽት ብቻ አይደለም። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ሕዋሳት በሦስትና በአምስት ቀናት መካከል እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ፤ የተፈጨውን ምግብ የሚያስገቡት በሮች የሚገኙትም በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ነው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ የየራሳቸው የምግብ ምርጫ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች ለአምስት ቀናት ያህል ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ብቻ እንዲበሉ ሲደረግ፣ ምግቡ ትልቁ አንጀት በደረሰ በአንድ ቀን ገደማ የባክቴሪያዎቹ ስብጥር መለወጥ መጀመሩ ታይቷል። ስለዚህ ድንገተኛ ለውጥ ማለት ኢንዛይሙ ገና ሳይዘጋጅ፣ ሕዋሳቱ ሳይተኩ፣ ባክቴሪያዎቹም እየተተራመሱ ሳለ የሚመጣ ጭነት ነው።

እዚህ ላይ «ውሻ ሥጋ በል ነው፤ እንጀራ መስጠት ነው ስሕተቱ» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መሠረት ተኩላ በቆሽቱ ውስጥ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚሠራለት ዘረ መል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ ውሻ ግን ከ4 እስከ 30 የሚደርስ ቅጂ አለው። ከሰው ጋር በቆየበት ረጅም ዘመን የእህል ምግብን ለምዷል። እንጀራም ጮማም በየራሳቸው የውሻን አንጀት የግድ አያውኩም። የሚያውከው ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ሌሊት መዝለሉ ነው።

ያልተፈጨ ምግብ ውሃ ይስባል

ያልተፈጨ ምግብ ለምን ተቅማጥ ያመጣል? መልሱ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ የምናውቀው ኦስሞሲስ ነው። ውሃ ስስ ሽፋንን አልፎ የሟሙ ቅንጣቶች ወደ በዙበት ወገን ይሄዳል። የአንጀት ግድግዳ ውሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ በመሆኑ በአንጀት ውስጥ የቀረ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ወይም እዚያው ይዞ ያስቀራል።

ምን ያህል? በሒሳብ እንየው። ለቡቺ ዳቦውን ያራስንበት አንድ ብርጭቆ ወተት 200 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። በውስጡ 10 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር ይገኛል። የአንድ ሞል ላክቶስ ክብደት 342 ግራም ስለሆነ 10 ግራሙ 29 ሚሊ ሞል ይሆናል። የሰውነት ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ 290 ሚሊ ሞል ያህል የሟሙ ቅንጣቶች አሉት። በአንጀት ያለው ፈሳሽ ከዚህ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ 29 ለ290 ሲካፈል አንድ አሥረኛ ሊትር፣ ይኸውም 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በአንጀት ይያዛል። ይህ እንግዲህ ስኳሩ ምንም ሳይፈጭ ከቀረ ነው። ባክቴሪያዎች አንዱን የስኳር ሞለኪውል ወደ ብዙ ትናንሽ አሲዶች ሲሰባብሩት የቅንጣቶቹ ቁጥር ስለሚጨምር የሚሳበው ውሃ ሊበዛ ይችላል፤ ጋዝም ይፈጠራል። ብዙ ጎልማሳ ውሾች ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም እያነሳቸው ስለሚሄድ ወተት ለታመመ ሆድ መድኃኒት ነው ብለን ማቅረባችን በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነበር።

ትልቁ አንጀት ከትርፉ ውሃ የተወሰነውን መልሶ ይመጥጣል። ዐቅሙ ግን ወሰን አለው። ትርፉ ከወሰኑ በታች ሲሆን ምንም ምልክት አይታይም፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ተቅማጥ ይሆናል። ሆዱ በቀላሉ የሚታወክ እንስሳ ይህ ወሰን ዝቅ ያለበት፣ ወይም አንጀቱ አዲስ ምግብ ለመልመድ የሚዘገይበት እንስሳ ነው ብለን ልንወስድ እንችላለን።

ዝላይና ቁልቁለት

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንሂድ። ከዚህ በታች የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ሐሳቡን ለማስረዳት የመረጥናቸው እንጂ በውሻ ላይ የተለኩ አይደሉም። በቀረበው አዲስ ምግብና አንጀቱ ሊፈጨው በሚችለው መጠን መካከል ያለውን ልዩነት «ክፍተት» እንበለው። አንጀቱ በእያንዳንዱ ሌሊት የክፍተቱን አንድ ሦስተኛ ይዘጋል ብለን እናስብ።

አዲሱን ምግብ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ብናቀርብ የስድስቱ ቀናት ክፍተት በመቶኛ እንዲህ ይሆናል፦ 100፣ 67፣ 44፣ 30፣ 20፣ 13።

በየቀኑ 10 ከመቶ ብቻ እየጨመርን በአሥር ቀን ብንጨርስ ግን፦ 10፣ 17፣ 21፣ 24፣ 26፣ 27።

ሁለተኛው ተርታ እያደገ ቢሄድም 30ን ከቶ አያልፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክፍተቱ 30 ሲደርስ አንጀቱ በሌሊት የሚዘጋው አንድ ሦስተኛ ራሱ 10 ስለሚሆን፣ በቀን የምንጨምረው በሌሊት ከሚዘጋው ጋር ይስተካከላል። በኤሌክትሪክ ትምህርት ካፓሲተር በተከላካይ በኩል ሲሞላ የምናየው ሥርዓት ይህንኑ ይመስላል። በብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የተለመደው የሰባት ቀን አካሄድ፣ ይኸውም ሁለት ቀን ሩቡን፣ ሁለት ቀን ግማሹን፣ ሁለት ቀን ሦስት ሩቡን፣ በሰባተኛው ቀን ሙሉውን መስጠት፣ በዚሁ ስሌት ከፍተኛ ክፍተቱ 43 ያህል ነው። ለጤነኛ ሆድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አንጀቱ ዝግ ያለው እንስሳስ? በሌሊት የሚዘጋው የክፍተቱን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው እንበል። በአንድ ጊዜ ዝላይ ክፍተቱ 100፣ 80፣ 64፣ 51፣ 41፣ 33 እያለ ይወርዳል፤ በስድስተኛው ቀን እንኳ አንድ ሦስተኛው ይቀራል። በየቀኑ 10 ከመቶ ብንጨምርለትም በአሥረኛው ቀን ክፍተቱ 45 ይደርሳል። በየቀኑ 5 ከመቶ እየጨመርን በ20 ቀን ብንጨርስ ግን ከ25 አያልፍም። ሆደ ስሱ እንስሳ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በመካከሉ ሰገራው ከላላ ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመልሶ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት፣ ከዚያም መቀጠል ነው።

በቡቺ ላይ የፈጸምነው ስሕተትም በዚህ ስሌት ይጋለጣል። ክፍተቱ ከ100 ወደ 67፣ ከዚያም ወደ 44 መውረድ እንደጀመረ ትዕግሥት አጥተን ሌላ አዲስ ምግብ ስናቀርብ እንደገና ወደ 100 እንመልሰው ነበር። በጭንቀት የቀያየርነው ምግብ ሁሉ የበሽታው ማራዘሚያ ሆነ።

በሣህን ሳይሆን በካሎሪ

«አሥር ከመቶ» ስንል የምን አሥር ከመቶ? የሣህኑ ይዘት መለኪያ አይሆንም፤ ምግቦች በያዙት ኃይል እጅግ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 ማክስ ክላይበር የእንስሳት የኃይል ፍጆታ ከክብደታቸው ሦስት አራተኛ ንሴት ጋር እንደሚመጣጠን አሳየ። በዕረፍት ላይ ያለ ውሻ በቀን የሚያስፈልገውን ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት ክብደቱን በኪሎ ግራም ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛት፣ ከውጤቱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካሬ ዘር ማውጣት፣ ከዚያም በ70 ማብዛት ነው። ለቡቺ 14 በ14 በ14 ሲባዛ 2,744፤ የመጀመሪያው ካሬ ዘር 52.4፤ ሁለተኛው 7.24፤ በ70 ሲባዛ 507 ያህል። በግቢ ለሚንቀሳቀስ ጎልማሳ ውሻ ይህ በ1.6 ሲባዛ 810 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል።

መቶ ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲይዝ፣ ከግማሽ በላይ ውሃ የሆነው እንጀራ በመቶ ግራም ወደ 150 ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ፍርፍር የለመደውን ሣህን በደረቅ ምግብ እኩል በክብደት ብንሞላው የኃይሉ መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። የቡቺ አሥር ከመቶ 81 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ይህም 54 ግራም እንጀራ ቀንሶ በምትኩ 23 ግራም ደረቅ ምግብ መጨመር ማለት ነው። ንጹሕ ስብ ደግሞ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። አንድ መቶ ግራም ጮማ፣ ንጹሕ ስብ ከሆነ፣ 900 ኪሎ ካሎሪ፣ ከቡቺ የሙሉ ቀን ቀለብ የበለጠ ነው። ይህን ያህል ስብ በድንገት መብላት ከተቅማጥም አልፎ ለሕይወት አስጊ የሆነውን የቆሽት ብግነት ሊያስነሣ ይችላል።

ሩዝና ዶሮ ቀቅለን ለምንሰጥ ደግሞ አንድ የፊዚክስ ማሳሰቢያ አለን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እሳቱን ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለሆነም በሩዙ ከረጢት ላይ በባሕር ጠረፍ አገር ልክ የተጻፈው የማብሰያ ደቂቃ ለእኛ አይበቃም። መሐሉ ያልበሰለ ሩዝ ስታርቹ ለኢንዛይም በሚገባ አልተከፈተም፤ ሳይፈጭ አልፎ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ረዘም አድርጎ መቀቀል ወይም በግፊት ድስት ማብሰል ይገባል።

ጥፋቱ የምግቡ ራሱ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ምግቡ ራሱ አይስማማም። በምግብ ምክንያት የቆዳ ችግር የደረሰባቸውን 297 ውሾች የሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ በ34 ከመቶው የበሬ ሥጋ፣ በ17 ከመቶው የወተት ውጤቶች፣ በ15 ከመቶው ዶሮ፣ በ13 ከመቶው ስንዴ ምክንያት መሆናቸውን ዘግቧል። ፍጥነቱንና ዓይነቱን ለይቶ ማወቂያው መንገድ አንድ ነው፤ ተጠርጣሪውን ምግብ ፈጽሞ አስወግዶ መቆየት፣ ከዚያም ለብቻው መልሶ መሞከር። ችግሩ የሆድ ብቻ ከሆነ ለውጡ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል፤ ለቆዳ ችግር ግን ስምንት ሳምንት ይመከራል።

ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጿሚ ቤት የበሬ ሥጋና ወተት በእነዚህ ቀናት ስለማይገኙ፣ ቤተሰቡ ሳያስበው ለውሻው ጥሩ የሙከራ ጊዜ አዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ውሻ ግን ፕሮቲን ያስፈልገዋልና ከእንጀራው ጋር ለምሳሌ ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣ፣ ተቀቅሎ እሾሁ የተለቀመለት ቆሮሶ ቢጨመርለት መልካም ነው። በጾሙ ወራት ደህና የነበረ ውሻ ከፋሲካ በኋላ ሥጋው በዝግታ ሲጨመርለትም ደህና ከሆነ፣ ጥፋተኛው ፍጥነቱ ነበር። በዝግታም ቢሆን ከታመመ፣ ሥጋው ራሱ ይጠረጠራል።

ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢዘገይ መሰጠት የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። ከሁሉ በላይ ለእኛ ቤት የሚያሳስበው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ መብሰላቸው ጉዳቱን አያስቀረውም። በውሻ ላይ ከባድ የደም ለውጥ የሚያመጣው በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ነው። ለቡቺ ዝቅተኛው 210 ግራም ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ዶሮ ወጥ በምን ያህል ሽንኩርት እንደሚሠራ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ሽሮውም ያለ ሽንኩርት አይቁላላም። ስለዚህ ለውሻ የሚሰጠው እንጀራ ወጥ ያልነካው ይሁን። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። በበዓል የታረደ በግ ጉበትና ሳንባ፣ በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየበት፣ ጥሬውን ለውሻ ከተጣለ ውሻው የሚይዘው ትል እንቁላሉን በግቢው ይበትናል፤ በሽታው ዞሮ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል።

ድመት ያላችሁ አንባቢያንም ልብ በሉ። ድመት ከውሻ በተለየ ያለ ሥጋ መኖር አይችልም። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲጎድለው ዓይኑ ሊታወር ይችላል፤ ልቡም እንደሚደክም እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት ታውቋል። አዲሱን ምግብ እንቢ ሲል «ሲርበው ይበላል» ብሎ መተውም አደገኛ ነው፤ ድመት ጥቂት ቀናት ከጾመ ጉበቱ በስብ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም የምግብ ማስተካከያ የማይፈውሰው ተቅማጥ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። በሰገራው ደም ከታየ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ታማሚው ክትባት ያልወሰደ ቡችላ ከሆነ ሒሳቡን ትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የአንጀት ትላትልና የፓርቮ ቫይረስ በመጠን ቀመር አይድኑም።

የልጆቹ ደብተር

በቀጣዩ ዓመት ፋሲካ ሲመጣ የቡቺን ቀለብ አልለወጥንም። ጾሙን በሙሉ እንጀራና ዓሣ ሲበላ ነበር፤ በበዓሉም ቀን ያንኑ በላ፤ በላዩ ጮማው ተገፍፎ የተቀቀለ 40 ግራም ያህል ቀይ ሥጋ ብቻ ተጨመረለት። የአሥር ከመቶው ድርሻ ያህል መሆኑ ነው። በጉ በግቢ ሲገፈፍ በትኩረት ይመለከት ለነበረው ውሻ ይህ ፍትሕ አልመሰለውም፤ ልጆቹም «በበዓል እንኳ?» ብለው ሞገቱን። ሆኖም ከሁለቱ ታላቂቱ በደብተር ላይ ቀኑን፣ የሥጋውን ግራምና የሰገራውን ሁኔታ ለመመዝገብ ተስማማች። በአምስተኛው ቀን «ትንሽ ላላ» የሚል ተጽፏል፤ ሦስት ቀን በዚያው መጠን ቆየን። በ20ኛው ቀን ከቤተሰቡ የተረፈውን ቀይ ሥጋ ያለ ሥጋት የሚበላ ሆነ። ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም እንደነበረ ነው።

ያ ደብተር ከታላላቅ ቤተ ሙከራዎች መዝገብ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ታማሚውም አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፣ ተለክቷል፣ ተመዝግቧል። ተማሪዎቻችንም በየቤታቸው ውሻ ወይም ድመት ካላቸው ከመጪው ቅበላ በፊት አንድ ደብተርና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን አዘጋጅተው ይህን እንዲሞክሩ እንጋብዛለን።